ቀለም የሸፈነው የሽቦ ዕዳ

የጂንካን አሮጌ ጭቃ ቤት ቀለም ቀብቶ፣ ኮርኒስ ለውጦ ለገበያ ማውጣት ይቻላል። ገዢው ስለ ጣሪያውና ስለ ካርታው ይጠይቃል፤ ከልስኑ ጀርባ ያለውን ሽቦ ግን ደላላውም አያነሳው።

ብዙው የአሮጌ ቤት መስመር የተዘረጋው ለአምፖልና ለሬዲዮ ነበር። 3,500 ዋት ገደማ የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይወስዳል። ለመብራት የተዘረጋ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይህንን ከሌላ ዕቃ ጋር ደርቦ ከተሸከመ ይግላል፤ ልባሱም ይቀልጣል። ምጣድ ወፍራም ሽቦ ያለው የብቻ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያስፈልገዋል።

ሂሳቡ ግልጽ ነው። ሽቦው ከቀለም በፊት ከተቀየረ ወጪው አንድ ነው። ከቀለም በኋላ ከሆነ ግን መቦርቦሩ፣ ልስኑና ቀለሙ ይደረብበታል። ብልህ ገዢ ቀብድ ሳይከፍል ያስፈትሻል፤ የሽቦውንም ዋጋ ከቤቱ ላይ ያስቀንሳል።