ደማችን በማን ልክ ይነበብ?

ማለዳ በእንጦጦ መንገድ ሯጮች ሽቅብ ይወጣሉ፤ እናቶች የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል ይወርዳሉ። ሁሉም የሚስቡት አየር ስስ ነው። የተራራው አናት ወደ 3 ሺህ 200 ሜትር ይጠጋል። ዝቅ ብላ በምትገኘው አዲስ አበባ እንኳ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር፣ የየካ ኮተቤ ሆስፒታል ቀዳሚው ማከሚያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ወረርሽኙ በኢትዮጵያ ከ7 ሺህ 500 በላይ የተመዘገቡ ሞቶችን አስከትሏል። ያኔ የሁላችንም ጭንቀት የኦክሲጅን ማነስ ነበር። ኦክሲጅን ግን በሌላም መንገድ ይጎዳል።

ነጭ የደም ሕዋሳት ወራሪን ሲዋጉ ከኦክሲጅን የሚሠሩ ኃይለኛ ሞለኪውሎችን ይረጫሉ። ሰውነት እነዚህን የሚያበርደው በግሉታታዮን፣ በካታሌዝና በመሳሰሉት ነው። ማብረጃው ሲያልቅ እሳቱ ወደ ባለቤቱ ይዞራል፤ የሕዋስ ሽፋን ስብ ይበላሻል። ባለሙያዎች ይህን «ኦክሲዴቲቭ ስትረስ» ይሉታል። የተበላሸው ስብ ማሎንዳይአልዲሃይድ የተባለ ቅሪት ይተዋል። ቅሪቱ በላቦራቶሪ ከቲዮባርቢቱሪክ አሲድ ጋር ሲሞቅ ሮዝ ቀለም ያወጣል፤ ቅሪቱ ሲበዛ ቀለሙም ይደምቃል።

ከኮቪድ-19 ቫይረስ ዝርያዎች ዴልታ ሳንባን አጥብቆ ሲጎዳ፣ ኋላ የመጣው ኦሚክሮን ይበልጥ በላይኛው የመተንፈሻ አካል ላይ አተኮረ። ታዲያ በደም ውስጥ የሚተዉት አሻራ ይለያያል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከአንድ ቁጥር አይገኝም። ኦሚክሮን ሲመጣ ብዙ ሰው ቀድሞ ታሞ ወይም ተከትቦ ነበር። የስኳር በሽታ፣ ዕድሜና የማገዶ ጭስም ይህንኑ የኦክሲዴቲቭ ስትረስ ምልክት ከፍ ያደርጋሉ። ጭራሮ ተሸክማ ወርዳ በዚያው ጭስ የምታበስል እናት ሳትታመምም ደሟ ሌላ ታሪክ ሊናገር ይችላል።

የጤነኛ ሰው ልክ ከቦታ ቦታ ሊለያይ እንደሚችል የሚያስተምረን ነገር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 አዲስ አበባ ውስጥ የተጀመረው የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት፣ የጤነኛ ኢትዮጵያውያን የሲዲ4 (የበሽታ መከላከያ ሕዋስ) ቁጥር ከደቾች ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ደግሞ በሰሜን ተራሮች በ3 ሺህ 530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን ለካ፤ አማካይ የኦክሲጅን ሙሌታቸው 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ በቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይርቅ። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት በሄሞግሎቢን ብዛት የሚቋቋሙትን ከፍታ እነዚህ በሌላ መንገድ ተላምደውታል።

ስለዚህ ከውጭ የመጣ መመርመሪያ የሚሰጠንን ቁጥር ከውጭ በመጣ «ኖርማል» ብቻ መዳኘት ታማሚውን መበደል ነው። ጤነኛውን የየካ ነዋሪ፣ ሯጩንም ጭራሮ ተሸካሚዋንም፣ ዛሬ በሰላሙ ጊዜ እንለካ። የወረርሽኝ ወቅት የታመመውን እንጂ የጤነኛውን ደም ለመሰብሰብ ፋታ አይሰጥም። ሌላ ቫይረስ ሲመጣ ሐኪሙ የታማሚውን ውጤት የሚያስተያይበት የጎረቤቱ ልክ በእጁ ሊኖር ይገባል።