መውጫ የሌለው ሐይቅ

እሑድ ከሰዓት በኋላ በጉዱማሌ ዛፎች ጥላ ሥር ተቀምጦ የሐዋሳን ሐይቅ የሚመለከት ሰው፣ ስለ እድፍ ማሰብ አይቃጣውም። ነፋሱ ቀዝቃዛ፣ ውኃውም ሰፊ ነው። በዚሁ ስፍራ የሲዳማ ሕዝብ ፍቼ ጨምበላላን ያከብራል፤ በዓሉም በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ በቅርቡ ከባልንጀሮቼ ጋር በዚያ ተቀምጠን ሳለ አንዱ «ይህ ውኃ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ቢጠይቅ ሁላችንም ዝም አልን።

መልሱ አጭር ነው፤ የትም አይሄድም። የጥቁር ውኃ ወንዝ ከጨለለቃ ረግረግ በኩል መጥቶ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ከሐይቁ ፈሶ የሚወጣ ወንዝ ግን አንድም የለም። ውኃው በፀሐይ ይተናል፤ አብሮት የገባው እድፍ ግን አይተንም።

በ1858 እ.ኤ.አ. የቴምዝ ወንዝ ግማት የለንደንን እንደራሴዎች መቀመጫ ቢያሳጣቸው፣ ባዝልጌት የተባለው መሐንዲስ ፍሳሹን በቦይ ሰብስቦ ከከተማው በታች ወደ ባሕር እንዲወርድ አደረገ። ሐዋሳ ግን እድፏን የምትልክበት «በታች» የላትም።

ያልተጣራ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ አለበት። እነዚህም ለእርሻ ማዳበሪያ እንደሚሆኑ ሁሉ፣ በውኃ ውስጥ አልጌ የሚባለውን አረንጓዴ ነገር ያፋፋሉ። አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ በውኃው ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ያልቃል፤ ዓሣውም በገዛ ቤቱ ታፍኖ ይሞታል። ከዚህም በላይ ፍሳሹ የታይፎይድንና የተቅማጥን ጀርም ይዞ ይመጣል። በአሞራ ገደል ዓሣ በጥሬው ለሚበላ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

መድኃኒቱ ግን የታወቀ ነው። በዚያው በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲሠራ፣ የፋብሪካዎቹን ፍሳሽ አጣርቶ መልሶ ለሥራ የሚያውል መሣሪያ ተተክሎለታል። ለፋብሪካ የታሰበው ለሆቴል፣ ለሆስፒታልና ለመኖሪያ ቤት ስለ ምን አይታሰብም?

ስለዚህ ወጣቱ ሹም የሕንፃ ፈቃድ ከመፈረሙ በፊት፣ የመጸዳጃው ጉድጓድ ሲሞላ የሚመጠጠው ፍሳሽ የት እንደሚደፋ ይጠይቅ። ተማሪውም የጎርፍ መውረጃ ቦይ የመጸዳጃ ቧንቧ መቀበያ አለመሆኑን ለሰፈሩ ሰው ያስረዳ። ይህ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትንሽ ድፍረት ብቻ ይበቃዋል።

እንግዳ ሲመጣብን ወደ ጉዱማሌ ወስደን «ሐይቃችን» እያልን እናሳየዋለን። ሐይቁ የእኛ ከሆነ፣ የምናፈስበትም ነገር የእኛው ነው።