የሴማግሉታይድ መርፌና የውፍረት ሕክምና ሙከራ

ከልክ ያለፈ ውፍረትን ለማከም የሚቀርብ መድኃኒት ክብደት መቀነሱ ብቻ ሳይሆን የሚያስከትለው ጉዳትም በጥብቅ መመርመር አለበት፤ ፌንፍሉራሚን የተባለው የምግብ ፍላጎት መቀነሻ ለብዙ ሕሙማን ከታዘዘ በኋላ የልብ ቫልቭ እንደሚጎዳ ታውቆ እ.ኤ.አ. በ1997 ከአሜሪካ ገበያ እንዲወጣ መደረጉ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው።

የዴንማርኩ ኖቮ ኖርዲስክ ኩባንያ ያዘጋጀው ሴማግሉታይድ የተቀረጸው በጂኤልፒ-1 አምሳል ሲሆን፣ ይህ ሆርሞን ሰው ሲመገብ ከአንጀት የሚመነጭ፣ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያነሣሣ፣ ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድ የሚያዘገይና የጥጋብን ስሜት ለአንጎል የሚያደርስ ነው። ተፈጥሯዊው ሆርሞን ግን ደም ውስጥ በገባ በጥቂት ደቂቃዎች ስለሚፈርስ እንዳለ ለመድኃኒትነት አይውልም፤ በመሆኑም ተመራማሪዎች ሆርሞኑ ከተገነባባቸው አሚኖ አሲዶች አንዳንዶቹን ለውጠው፣ አልቡሚን ከተባለው የደም ፕሮቲን ጋር የሚያጣብቀውን የስብ አሲድ ሰንሰለት ስለቀጠሉበት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር መወጋት በቂ ሆነ።

ስቴፕ 1 የተባለውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ሙከራ የስኳር ሕመም የሌለባቸውን 1,961 አዋቂዎች ከ16 አገሮች አሳተፈ። ከየሦስቱ ሁለቱ መድኃኒቱን፣ አንዱ ደግሞ መድኃኒት የሌለበትን ማስመሰያ መርፌ እንዲወስዱ በዕጣ ሲመደቡ፣ ለማን የትኛው እንደደረሰ ተሳታፊውም ሆነ ተከታታዩ ሐኪም አያውቁም ነበር። ምግብ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ የተሰጠው ምክር ለሁለቱም ወገን አንድ ነበር፤ የሙከራው ታማኝነት የሚመነጨውም ከዚህ ነው፣ ምክንያቱም በአመጋገብ ለውጥ ብቻ የሚገኘውን ቅነሳ ከመድኃኒቱ ድርሻ ለመለየት ሌላ አስተማማኝ መንገድ የለም። መጠኑም በሳምንት ከ0.25 ሚሊግራም ተነሥቶ በየአራት ሳምንቱ ከፍ እያለ 2.4 የደረሰው ሆድ ቀስ በቀስ እንዲለምደው ነው።

ከ68 ሳምንት በኋላ መድኃኒቱን የወሰዱት በአማካይ 14.9 በመቶ የሰውነት ክብደታቸውን ሲቀንሱ፣ የማስመሰያው ወገን የቀነሰው 2.4 በመቶ ብቻ ነበር። ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ብዙዎችን አስቸግሯል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ቀላል ወይም መካከለኛ ሆኖ ያልፍ ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በዚያው ዓመት ጁን ወር መድኃኒቱን ዌጎቪ በሚል የንግድ ስም ለውፍረት ሕክምና ፈቀደ።

ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ግን መርፌው ከቆመ በኋላ የታየው ነው። ከተሳታፊዎቹ ከፊሎቹ ያለ መድኃኒት አንድ ዓመት ክትትል ሲደረግላቸው፣ ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ተመልሶባቸዋል፤ ይህም ውፍረት በአጭር ጊዜ ሕክምና የሚድን ሳይሆን እንደ ደም ግፊት የረጅም ጊዜ ክትትል የሚሻ ሕመም መሆኑን ስለሚያሳይ፣ መርፌውን ለመጀመር የሚያስብ ሰው እንዴት እንደሚቀጥለውና እንዴት እንደሚያቆመው አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ሊመክር ይገባዋል።