በአቀበትና በማሳ መንገድ ላይ ሞተር ሲግል

የእርሻ ሥራ በበሬና በሞፈር ብቻ ይከናወን የነበረበት ዘመን እያለፈ በመሄዱ፤ ትራክተርና ኮምባይነር በሰፊው ማሳ፤ በአራቱም ጎማው የሚጎትተው የሜዳ መኪና ደግሞ ጥርጊያ መንገድ ባልደረሰበት ቀበሌ ሁሉ ሲያገለግሉ ይታያሉ። ዘርና ማዳበሪያ፤ የከብት ክትባት፤ የእርሻ ባለሙያውም ራሱ ወደ ገጠሩ የሚደርሱት በነዚሁ መኪናዎች ነው። ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ተጭኖ ሳለ መኪናው በአቀበት መካከል እንፋሎት እየተፋ ቢቆም፤ ጉዳቱ የሾፌሩና የመሥሪያ ቤቱ ብቻ አይደለም፤ ከብቱን በማለዳ ነድቶ ከበረት አጠገብ ሲጠብቅ የሚውለውም ገበሬ ከጉዳቱ ድርሻ አለው። ስለዚህ ሞተር ለምን ከመጠን በላይ እንደሚግል፤ በጋለም ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ምን ማድረግ እንደሚገባ ማወቅ ለመካኒክ ብቻ የሚተው ዕውቀት አይደለም።

ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ከሚገኘው ኃይል ውስጥ ጎማውን ለማዞር የሚውለው በግምት ከሦስት እጅ አንዱ ነው። ሌላው እጅ በጢስ ማውጫው ይወጣል፤ የቀረውን ሙቀት ግን ውሃው ተሸክሞ በራዲያተሩ በኩል ለነፋስ ያስረክበዋል። ውሃውን የሚያዘዋውረው ፖምፓ፤ ነፋሱን የሚስበው ቬንትሌተር ሲሆን በብዙ መኪናዎች ሁለቱንም የሚያዞራቸው አንድ ቺንጋ ነው። ከነዚህ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ ሙቀቱ መሄጃ ያጣል። ቴስታታ የሚባለውን የሞተሩን ራስ ያጣምመዋል፤ ከሥሩ የተነጠፈውን ጓርኒሲዮን ያቃጥለዋል፤ ሲብስም ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋራ ተጣብቆ ሞተሩ ይነክሳል። በዚህ ጊዜ የሚጠየቀው ወጪ የቺንጋ ዋጋ ሳይሆን የሞተር ዋጋ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ግን ምንም ነገር ሳይበላሽ ሞተር ይግላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚያሻግረውን የዓባይ በረሃ መንገድ ለምሳሌ እንመልከት። መንገዱ ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ተነሥቶ፤ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ድልድይ፤ ይኸውም ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ከዚያም እንደ ገና ወደ ደጋው ይወጣል። ይህ ሁሉ በ40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ነው። ከምጽዋ ወደ አስመራ የሚወጣውም መንገድ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በ115 ኪሎ ሜትር ያህል ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚያደርስ ለሞተር ከዚህ የማያንስ ፈተና ነው። በእንደዚህ ያለ ስፍራ ሦስት ነገር በአንድነት ይገናኛል፤ የቆላው አየር ትኩስ ነው፤ ጭነቱና አቀበቱ ሞተሩን ያስጨንቀዋል፤ መኪናው ቀስ ብሎ ስለሚሄድም በፊት ለፊት የሚገባው ነፋስ ያንሳል።

በዚህ ላይ የከፍታው ጠባይ ይጨመራል። ባቄላ በደጋ ቀስ ብሎ እንደሚበስል የቤት እመቤቶች ያውቁታል፤ ምክንያቱም ውሃ በባሕር ዳር በ100 ዲግሪ ሲፈላ ከዓባይ ድልድይ አጠገብ በ97፤ በደጀን አካባቢ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ውሃውን በግፊት አፍኖ ስለሚይዘው ግን ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ ሳይፈላ መቆየት ይችላል። ስለዚህ የክዳኑ ላስቲክ ያረጀ ወይም ስፕሪንጉ የደከመ እንደ ሆነ፤ ሌላው ሁሉ ደኅና ሳለ ውሃው በአቀበቱ ላይ ፈልቶ ይገነፍላል። ይህ ርካሽ ዕቃ በብዙ መኪና ላይ ከነጭራሹ ተረስቶ የሚኖር መሆኑ የሚያስገርም ነው።

በአቀበት ላይ ሞተሩን ለማሳረፍ ብለው በከባድ ማርሽ እያጓሩ የሚወጡ ሾፌሮች አሉ። አሳቡ በጎ ቢመስልም ውጤቱ ተቃራኒ ነው፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ፖምፓውና ቬንትሌተሩም ቀስ ብለው ይዞራሉና። ይልቁንስ ወደ ቀላል ማርሽ ቀደም ብሎ መቀየር፤ ነዳጁን ሳያበዙ ሞተሩን በፍጥነት ማዞር ይሻላል። የሙቀት መለኪያው ማደግ ሲጀምር የአየር ማቀዝቀዣውን ማጥፋት፤ ለሰው የማይመች ቢሆንም የክፍሉን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው መክፈት ይረዳል፤ ማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ስለ ሆነ ከሞተሩ ሙቀት የተወሰነውን ይወስድለታል።

በማሳ ላይ የሚያጋጥመው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። ከሑመራና ከመተማ የሰሊጥ እርሻ አንሥቶ እስከ አርሲና ባሌ የስንዴ ማሳ ድረስ በመከር ወራት አየሩን የሚሞላው እብቅና ገለባ በራዲያተሩ ስስ ክንፎች መካከል ይጠቀጠቃል። በሣር ውስጥ የሚሄደውም የሜዳ መኪና የሣር ፍሬ ይሰበስባል። የአየር ማቀዝቀዣ ያላቸው መኪናዎች ከራዲያተሩ ፊት ሌላ ተመሳሳይ ዕቃ ስላለባቸው፤ ቆሻሻው በሁለቱ መካከል ተደብቆ ከፊት ለሚያየው ሰው ንጹሕ ይመስላል። ማጽዳት የሚገባው ነፋሱ ከሚገባበት አንጻር፤ ማለት ከሞተሩ ወገን ወደ ውጭ፤ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ በቀላል ውሃ ወይም በነፋስ ነው። በኃይል የሚረጭ ውሃ ክንፎቹን አጣጥፎ ጭራሹን ይዘጋቸዋል። ባለ አራት ጎማው ትንሹ የሜዳ ሞተርም በጭቃ ከሄደ በኋላ እንዲሁ መታጠብ አለበት፤ በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዘው ዓይነት በሲሊንደሩ ዙሪያ ያሉት ክንፎች በደረቀ ጭቃ ከተሸፈኑ ብርድ ልብስ እንደ ለበሰ ይቆጠራል። በሰፊ ማሳ ላይ ይህ ጽዳት በመከር ጊዜ በየቀኑ፤ ካስፈለገም በቀን ሁለት ጊዜ ሊደረግ ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሞተሩ ቢግልስ? እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ግለት መኖሩን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው፤ ውሃው ሳይጎድል ቺንጋውም ሳይበጠስ በድካም ብቻ የመጣ ግለት ነው። መለኪያው ከፍ ብሏል፤ እንፋሎት ግን የለም። በዚህ ጊዜ መኪናውን ፊቱን ወደ ነፋስ አዙሮ ማቆም፤ ማርሹን ነጻ አድርጎ ሞተሩን ሳያጠፉ ከተለመደው ጥቂት ከፍ አድርጎ ለሁለትና ለሦስት ደቂቃ ማዞር ነው። ቢጠፋ ፖምፓው ስለሚቆም በብረቱ ውስጥ የተከማቸው ሙቀት በቆመው ውሃ ላይ ይወርድና ያፈላዋል። መለኪያው ከወረደ መልካም ነው፤ ካልወረደ ግን ማጥፋት ይገባል።

ሁለተኛው ግለት እንፋሎት የሚወጣበት፤ ውሃ ከሥር የሚንጠባጠብበት፤ ወይም ቺንጋው የተበጠሰበት ነው። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ወዲያውኑ ይጠፋል። «እስከዚያች ዛፍ ጥላ ድረስ ልድረስ» ማለት እጅግ ብዙ ሞተር የጨረሰ ምኞት ነው። ሲቆምም የደረቀ ሣር ወይም ገለባ ላይ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል፤ የጋለው የጢስ ማውጫ ማሳውን ሊያቃጥል ይችላልና። አንድ የሚያታልል ነገርም አለ። ውሃው ጨርሶ የፈሰሰ እንደ ሆነ የሙቀት መለኪያው የሚለካው ውሃ ስለሚያጣ ድንገት ወደ ቀዝቃዛው ወገን ሊወርድ ይችላል። የሚነድ ሽታ እየሸተተ መለኪያው ቢወርድ በረደ ብሎ መደሰት አይገባም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው አደጋ ከሞተሩ ይልቅ ለሰውየው የሚያሰጋ ነው። በግፊት ታፍኖ ከ100 ዲግሪ ያለፈው ውሃ ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትና ክንድ ይልጣል። ስለዚህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፤ በቆላ ከዚያም በላይ መጠበቅ ግድ ነው። ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የላይኛውን የላስቲክ ቧንቧ በጥንቃቄ ነክቶ መጫን፤ የማያቃጥልና ሲጫኑት ለስላሳ ከሆነ በወፍራም ጨርቅ ክዳኑን ይዞ፤ ፊትን ወደ ጎን መልሶ እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ ማዞር፤ እንፋሎቱ ሲያበቃ ከፍቶ ማንሣት ነው። ሰው የተቃጠለ እንደ ሆነ ቁስሉን ለ20 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ቀዝቃዛ ወራጅ ውሃ ማጠብና ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል እንጂ ቅቤ፤ እንቁላል ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ቁስሉን ያባብሰዋል።

ውሃ ሲጨመርም ጥድፊያ አይስማማውም። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ብረት ላይ በአንድ ጊዜ ቢፈስ ብረቱ ይሰነጠቃል። ሞተሩ ከበረደ በኋላ አስነሥቶ በዝግታ እያዞሩ ጥቂት በጥቂት መጨመር ነው። የላስቲክ ቧንቧው ቢቀደድ ደርቆ ከተጠረገ በኋላ ከአሮጌ ካላማዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ ጠበቅ አድርጎ መጠምጠምና በሽቦ ማሰር፤ ክዳኑንም ሙሉ በሙሉ ሳያጠብቁ በዝግታ መሄድ እስከ ቅርቡ ከተማ ያደርሳል። የሚያንጠባጥብ ራዲያተርን በዱቄት ወይም በእንቁላል ለመድፈን መሞከር ግን ቀዳዳውን ከመዝጋቱ ይልቅ ቀጫጭኖቹን የውሃ መንገዶች ስለሚዘጋ ችግሩን ለሌላ ቀን ማሳደር ነው። ሞተሩ ከበረደ በኋላ የዘይት መለኪያው ዘንግ ተመዝዞ ይታይ፤ ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና የመሰለ እንደ ሆነ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ውሃ ከዘይት ጋራ ስለ ተቀላቀለ ማስነሣት አይገባም፤ መጎተት ነው።

በየጋራዡ የሚዘወተር አንድ ልማድ ሳይነሣ አይታለፍም። መኪና ሲግል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል እንደ መድኃኒት ይቆጠራል። ነገር ግን ቴርሞስታት ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅና በተገቢው ሙቀት እንዲሠራ የሚያደርግ በር ነው። በደጋ ብርድ ያለ እርሱ የሚሠራ ሞተር ነዳጅ ያባክናል፤ ቶሎም ያረጃል። በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ በሩ ሲወጣ ውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ስለሚመለስ ይበርዳል የተባለው ሞተር ይብሱን ይግላል። የተበላሸውን በአዲስ መተካት እንጂ ቦታውን ባዶ መተው ጥገና አይባልም።

ስለሚጨመረውም ውሃ ጥቂት እንበል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ እንዳለው ያለ ጨዋማ ውሃ በራዲያተሩ ውስጥ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚታየው ዓይነት ነጭ ቅርፊት ያበጃል፤ ቅርፊቱም ሙቀት አያሳልፍም። የተጣራ ውሃ ከማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጋራ እኩል ለእኩል መቀላቀል ከሁሉ ይሻላል፤ ፈሳሹ ዝገትን ይከላከላል፤ የመፍያውንም ልክ ከፍ ያደርጋል። እርሱ ሲታጣ የዝናብ ውሃ ከጉድጓድ ውሃ ይመረጣል። በበረሃ መካከል ከሆነ የተገኘውን ንጹሕ ውሃ ሁሉ መጨመር ይቻላል፤ ከተማ ሲደረስ ግን ተደፍቶ ይታጠብ። ይህ ሲደረግ የሚወጣው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ በሜዳ ወይም በከብት መጠጫ አጠገብ እንዳይፈስ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት ኤቲሊን ግላይኮል የተባለው ቅመም ጣፋጭ ስለ ሆነ ውሻም ጥጃም ደስ ብሎት ይልሰዋል፤ ጥቂቱም ኩላሊቱን አበላሽቶ ይገድለዋል። በጄሪካን ተቀብሎ፤ ክዳኑን ገጥሞ፤ ሕፃናትና ከብት ከማይደርሱበት ስፍራ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ በጄሪካኑም ላይ መርዝ መሆኑ በጉልህ ይጻፍበት።