የጣሪያ ላይ አየር ማቀዝቀዣ ውሃ በአግባቡ ካልተወገደ ተጎታች ቤቶችን ለጉዳት ይዳርጋል

በአሜሪካ በርካታ ቤተሰቦች በመኪና የሚጎተት፣ መኝታ፣ ማዕድ ቤትና መታጠቢያ የተሟላለት አነስተኛ ቤት ይዘው ይጓዛሉ። ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩበትም አሉ። ተጎታች ቤት የሚባለው ይህ መኖሪያ በሞቃታማ ወራት በአብዛኛው የሚቀዘቅዘው በጣሪያው ላይ በሚገጠም የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያ ነው።

መሣሪያው ሥራ ከጀመረ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ በተለይም አየሩ እርጥብ በሆነ ቀን፣ ከጣሪያው ጠርዝ ውሃ መንጠባጠብ ይጀምራል። ይህን የተመለከተ አዲስ ባለንብረት መሣሪያው የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። ይሁንና ውሃው መሣሪያው በአግባቡ እየሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው። ችግር የሚፈጠረው ውሃው የተዘጋጀለትን መንገድ ሲያጣና ወደ ቤቱ ውስጥ ሲመለስ ነው።

የውሃው ምንጭ አየሩ ራሱ ነው። ሞቃት አየር ብዙ የውሃ ተን መሸከም የሚችል ሲሆን፣ ሲቀዘቅዝ ግን ይህ አቅሙ ይቀንሳል። በመሆኑም ከቤቱ ውስጥ የተሳበው አየር በመሣሪያው ቀዝቃዛ ቱቦዎች መካከል ሲያልፍ የተሸከመው ተን ወደ ውሃነት ተለውጦ ቱቦዎቹ ላይ ያርፋል። ቀዝቃዛ ለስላሳ በያዘ ጠርሙስ ላይ የሚታየው ጤዛም የሚፈጠረው በዚሁ መንገድ ነው።

አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊሊስ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1902 ዘመናዊውን የአየር ማቀዝቀዣ ሲነድፍ ዋነኛ ዓላማው በኒውዮርክ ብሩክሊን በሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ወረቀትን የሚያስቸግረውን እርጥበት መቆጣጠር ነበር። ስለዚህ ከአየር ውሃን ማውጣት ከመነሻውም የመሣሪያው ዋነኛ ተግባር ነው ማለት ይቻላል።

የውሃው መጠን በአየሩ እርጥበት ይወሰናል። 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና 70 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለው አንድ ሜትር ኩብ አየር 24 ግራም ያህል ውሃ ይሸከማል። ወደ 15 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ሊይዝ የሚችለው 13 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ይህም ማለት በበርና በመስኮት የገባው እያንዳንዱ 100 ሜትር ኩብ እርጥብ አየር ከአንድ ሊትር በላይ ውሃ ይተዋል። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ እንዳሉት ግዛቶች ባሉ እርጥበታማ አካባቢዎች መሣሪያው ቀንና ሌሊት ሲሠራ ብዙ ሊትር ውሃ ይጠራቀማል። በደረቁ የአሪዞና በረሃ ግን ጠብታውም ላይታይ ይችላል።

በብዙዎቹ የጣሪያ ላይ መሣሪያዎች ውሃው ከቱቦዎቹ ሥር ባለ ሳህን ላይ ይጠራቀማል። ከዚያም በሳህኑ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ጣሪያው ወጥቶ በጠርዙ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። መሣሪያው የተቀመጠበት የጣሪያ ክፍተት በእያንዳንዱ ጎን 35 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ ዙሪያውን በስፖንጅ መሰል ማሸጊያ ይታሸጋል። ውሃው ከቤቱ ውስጥ የሚለየው በዚሁ ሳህንና በዚሁ ማሸጊያ ብቻ ነው።

ውሃው ወደ ውስጥ እንዲገባ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ የቀዳዳዎቹ መደፈን ነው። አቧራ፣ ቅጠልና በእርጥበት የሚያድግ አተላ ቀዳዳዎቹን ሲዘጋ ሳህኑ ሞልቶ ወደ ኮርኒሱ ይፈስሳል። ቤቱ በተዳፋት ቦታ ላይ ሲቆምም ቀዳዳዎቹ ንጹሕ ቢሆኑ እንኳ ውሃው ወደ አንድ ወገን አጋድሎ ሊፈስ ይችላል።

ሌላው ምክንያት የአየር ማጣሪያው መቆሸሽ ነው። በቂ አየር ያላገኙት ቱቦዎች በረዶ ይይዛሉ። መሣሪያው ሲጠፋ በረዶው በአንድ ጊዜ ይቀልጥና ሳህኑ ሊያስተናግደው ከሚችለው በላይ ይሆናል።

ኮርኒሱ ሲርስ በቅድሚያ መለየት ያለበት የውሃው መነሻ ነው። ዝናብ ሳይኖር፣ መሣሪያው በሚሠራበት ወይም ከጠፋ ብዙም ሳይቆይ የሚንጠባጠብ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የጤዛው ውሃ ነው። መሣሪያው ሳይሠራ በዝናብ ጊዜ የሚያፈስ ከሆነ ግን ማሸጊያውን ወይም የጣሪያውን መገጣጠሚያዎች መመርመር ይገባል። ይህ ልዩነት ሳይታወቅ በጣሪያው ላይ ማጣበቂያ መለቅለቅ ችግሩን ሊያባብሰው ይችላል። የሳህኑ መውጫ አብሮ ከተደፈነ ውሃው የሚቀረው መንገድ ወደ ውስጥ ብቻ ነውና።

የተጎታች ቤት ጣሪያና ግድግዳ ቀላል እንዲሆን ሲባል በብዙዎቹ ዘንድ ከቀጭን እንጨትና ከኮምፔልሳቶ ይሠራል። ውሃ ዘልቆ ሲገባ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ማጣበቂያውም ይለቃል። ጉዳቱ ከኮርኒሱ በላይ ተደብቆ ስለሚቆይ ዓይን ሲያየው ብዙውን ጊዜ ጥገናው ከባድ ሆኗል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የረጠበ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲደርቅ፣ የቤት ውስጥ አንጻራዊ እርጥበትም ከ60 በመቶ በታች እንዲሆን የሚመክረው ሻጋታን ለመከላከል ነው። ሻጋታ በተለይ አስምና አለርጂ ላለባቸው ሰዎች ጎጂ ነው።

በጠባብና ዝግ መኖሪያ ውስጥ የአየር ጥራት ምን ያህል አሳሳቢ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2005 ከደረሰው የካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላ ታይቷል። የአሜሪካ መንግሥት ለተፈናቃዮች ተጎታች ቤቶችን ሰጥቶ የነበረ ሲሆን፣ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል በሉዊዚያናና በሚሲሲፒ 519 ጊዜያዊ መኖሪያዎችን መርምሮ በአማካይ ከአንድ ቢሊዮን 77 እጅ ፎርማልዲሃይድ ማግኘቱን እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ አድርጓል። ጋዙ የሚወጣው ከአየር ማቀዝቀዣው ሳይሆን ለግንባታ ከዋሉ የእንጨት ውጤቶች ቢሆንም፣ ሙቀትና እርጥበት ሲጨምር መጠኑ ከፍ ይላል።

ችግሩን ለመከላከል የሚያስፈልገው ሥራ ውስብስብ አይደለም። ቤቱ በቆመ ቁጥር በውሃ ልክ መለካትና ዝቅ ባለው ጎማ ሥር ጣውላ በማስገባት ማስተካከል ያስፈልጋል። የአየር ማጣሪያውንም በየጊዜው ማጠብ ይገባል። ከወቅቱ በፊት ኤሌክትሪኩ ሙሉ በሙሉ ተቋርጦ የመሣሪያው ክዳን ይነሳና ሳህኑና ቀዳዳዎቹ ይጸዳሉ። ለዚሁ ሥራ በረኪናንና ኮምጣጤን መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር ፈጽሞ አይገባም። መሣሪያውን የሚይዙት ብሎኖች ሲላሉ ውሃ ስለሚያስገቡ፣ ከመጠን በላይ ሲጠብቁም ማሸጊያውን ስለሚጎዱ የአምራቹን መመሪያ መከተል ተገቢ ነው።

በጣሪያው ላይ የሚፈሰው ውሃ በግድግዳው ላይ ጥቁር መስመር እንዳይተው የሚፈልጉ ባለንብረቶች ከሳህኑ መውጫ ጀምሮ እስከ መሬት የሚወርድ ቱቦ ይገጥማሉ። ቱቦው እስከ መጨረሻው ቁልቁል መውረድ ይኖርበታል። መሐል ላይ ከተንጠለጠለ ወይም ሽቅብ ከታጠፈ ውሃው ቆሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። በባልዲ የተጠራቀመው ውሃ ለጽዳት ሊውል ይችላል። አቧራ፣ ተሕዋስያንና ከቱቦዎቹ የለቀቀ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ግን ለመጠጥ አይሆንም።

ይህ አሠራር ለተጎታች ቤቶች ብቻ የተወሰነ አይደለም። በቆላማ ከተሞች በመኖሪያ ቤቶችና በቢሮዎች ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ማቀዝቀዣዎችም ተመሳሳይ ውሃ የሚያወጡ በመሆኑ፣ የማስወገጃ ቱቧቸው ሲደፈን ግድግዳውን ያርሳሉ። በመሆኑም የአየር ማቀዝቀዣ የሚገጥም ማንኛውም ሰው ለቅዝቃዜው ኃይል ከሚሰጠው ትኩረት እኩል ውሃው የሚወጣበትን መንገድ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይጠበቅበታል።