ደጋ ቤትና አደጋው፦ የቆሰበር ቤተሰብ ከምን ይጠንቀቅ?

ቆሰበር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ብርድና ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት። እንጅባራ በሚለው ስሟም የምትታወቀው ይህች የአዊ ዞን ዋና ከተማ ክረምት ሲገባ በጉም ትሸፈናለች። በር ይዘጋል፣ የመስኮት ስንጥቅ በጨርቅ ይወተፋል፣ ምድጃው ወደ ውስጥ ይገባል። ቤተሰብ ከብርድ ለመሸሽ የሚያደርገው ይህ ሁሉ ተገቢ ነው፤ አደጋውን ወደ ቤት የሚያስገባውም ይኸው ነው።

ልጅ ሲቃጠል ወይም ሰው በከሰል ታፍኖ ሲሞት «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። ሐዘንተኛን ለማጽናናት ይህ ደግ ቃል ነው፤ በሕይወት ያለውን ግን ከጥንቃቄ ያዘናጋል። የቤት ውስጥ አደጋዎች አብዛኞቹ ምክንያታቸው ይታወቃል። እሳት፣ ላምባ፣ የሰብል መድኃኒት፣ የመብራት ሽቦ፣ የውኃ ጉድጓድ ሁሉም የሚጠቅሙን ናቸው። የሚገድሉን የየራሳቸው ቦታ ሳይሰጣቸው ከምንተኛበትና ልጆች ከሚጫወቱበት ሲቀላቀሉ ነው።

ከሰል በተዘጋ ክፍል

አዊ የከሰል አገር ነው። በፋግታ ለኮማ፣ በባንጃና በጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳዎች ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ እየተከለ ያከስላል፤ ከሰሉ በጭነት መኪና እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። ለቆሰበር ነዋሪ ደግሞ ከደጁ የሚገኝ ማሞቂያ ነው።

ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ስለሆነ፣ ሰውየው እየተነፈሰ ሰውነቱ አየር ያጣል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ይመጣል። እንቅልፍ የወሰደው ሰው ግን ይህን ምልክት አያስተውለውም።

ብዙ ሕይወት የሚያስከፍለው «ጭሱ ካለቀና ፍም ከሆነ ጉዳት የለውም» የሚለው እምነት ነው። የሚታየው ጭስ ቢያልቅም የማይታየው ጋዝ ከቀላው ፍምም ይወጣል። ስለዚህ ከሰሉን ደጅ ማቀጣጠል ጥሩ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ለቡናም ሆነ ለሙቀት ምድጃ ወደ ቤት ከገባ በርና መስኮት ይከፈት፤ ከመተኛት በፊት ደግሞ ምድጃው ከነፍሙ ይውጣ። የአራስ ቤት ይበልጥ ያሰጋል፤ እናትና ጨቅላ ቀኑን ሙሉ በተዘጋ ክፍል ይውላሉና ሙቀቱን ከብርድ ልብስና ከወፍራም ልብስ መፈለግ ይሻላል። ምግብም እንቅልፍም በአንዲት ክፍል ለሆነባቸው ተከራይና ተማሪዎችም ምክሩ ያው ነው። የታፈነ ሰው ከተገኘ በሩን ከፍቶ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ሳይዘገዩም ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል።

እሳትና የፈላ ነገር

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በቃጠሎ በየዓመቱ 180,000 ያህል ሰው ይሞታል፤ አብዛኛው በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የእኛ ማብሰያ ለዚህ የተመቻቸ ነው። ሦስት ጉልቻ መሬት ላይ ነው፤ ገና መዳኽ የጀመረ ሕፃንም የሚሄደው መሬት ላይ ነው። የፈላ ሽሮ፣ የተጣደ ውኃ፣ ጀበና የተቀመጠበት ምድጃ ሁሉ እጁ የሚደርስበት ነው። የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ደግሞ ክፍት እሳት ከሁሉም ይከፋል፤ ሕመሙ ሲጥለው እሳት ላይ ሊወድቅ ይችላልና ብቻውን እሳት አጠገብ ባይቀመጥ ይመረጣል።

መፍትሔው ከፍ ማድረግና መከለል ነው። ምድጃውን በጭቃ እስከ ወገብ ድረስ ማንሳት፣ ወይም እሳቱን በዙሪያው በሚከልለው ምርጥ ምድጃ መጋገር ጭሱንም ቃጠሎውንም ይቀንሳል። ማብሰያው በቀርከሃም ቢሆን ከመኝታው ይለይ፤ መግቢያው ላይ ሕፃን የማያልፈው መዝጊያ ይደረግ። በዓል ሲሆን የተጎዘጎዘው ቄጤማና የበራው ጧፍ ይራራቁ። በኩራዝ ወይም በላምባ ምድጃ የሚጠቀም ደግሞ ቤንዚን የተቀላቀለበት ላምባ እንደሚፈነዳ አይዘንጋ።

የተቃጠለን ሰው ወዲያውኑ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዝ፣ አካሉ ከማበጡ በፊት ቀለበትና አምባር ማውለቅ፣ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ነው የሚያዋጣው። ቅቤ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙናና ሊጥ ቁስሉን ያቆሽሹታል። በቃጠሎ ሕክምናው የሚታወቀው የካቲት 12 ሆስፒታል የሚገኘው አዲስ አበባ፣ ከቆሰበር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። ለዚህም ነው መከላከሉ እዚሁ፣ በየማድቤቱ መጀመር ያለበት።

መብራትና ሽቦ

የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይፈልጋል። በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፒር ይሆናል። ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን መሸከም አይችልም፤ ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል፣ በእንጨትና በጭቃ ግድግዳ ውስጥ ካለፈም ቤቱን ያቀጣጥላል። ምጣድ ከቆጣሪ አጠገብ ካለው ብሬከር ለብቻው የሚነሳ ወፍራም መስመር ያስፈልገዋል፤ በማከፋፈያ ላይ መሰካት የለበትም። ብሬከር ደጋግሞ ሲወርድ «አስቸገረን» ብሎ በመዳብ ሽቦ ማገናኘት ጠባቂን እንደማሰናበት ነው።

በአንድ ቆጣሪ ብዙ ተከራይ የሚያኖር አከራይ መስመሩን በባለሙያ ያስፈትሽ፤ የመሬት መስመሩም (ኧርዝ) ይዘርጋ። በዝናባማ አገር የቆርቆሮ ክዳን በሚያፈስበት ቦታ ያለፈ የተላጠ ሽቦ ክዳኑንና እርጥቡን ግድግዳ ጭምር ገዳይ ያደርጋል። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጅ መሳብ ሁለት ሰው ማጣት ነው፤ መጀመሪያ ማጥፊያው ይጥፋ።

መርዝ በውኃ ጠርሙስ

የአዊ ደጋ ድንች ያበቅላል፤ ድንች ደግሞ በሽታ ስለሚያጠቃው መድኃኒት ይረጫል። የተረፈው መድኃኒት ከአልጋ ሥር ይቀመጣል፣ ባዶው ዕቃ ለዘይት ወይም ለውኃ ይውላል። ሁለቱም መቅረት አለባቸው። በረኪናና ላምባም በውኃ ጠርሙስ ሲቀመጡ ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣል። ላምባ የጠጣን ልጅ ለማስመለስ መሞከር ላምባውን ወደ ሳንባው ይልከዋል፤ ሳያስመልሱ ከነጠርሙሱ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

የነቀዝ ክኒን ልዩ ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። አልሙኒየም ፎስፋይድ የያዘው ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ ማርከሻም የለውም። ክኒን የገባበት ጆንያ ሰው በሚተኛበት ክፍል ፈጽሞ አይቀመጥ። እርጥብ አየር ባለበት አገር ይህ ጥንቃቄ በእጥፍ ያስፈልጋል።

ግቢው

በየግቢው የተቆፈረ የውኃ ጉድጓድ ከመሬት ከፍ ያለ አፍና የሚቆለፍ ክዳን ይኑረው፤ የመጸዳጃ ጉድጓድ ወለልም እንጨቱ እንዳይበሰብስ በየዓመቱ ይታይ። ለአዛውንት ከደጃፍ እስከ መጸዳጃ ድንጋይ መደልደልና የሚያዝ እንጨት መትከል በጭቃ ከመውደቅ ያድናል። መብረቅ ሲበዛ ዛፍ ሥር አለመጠለል፣ የተሰኩ ዕቃዎችን ነቅሎ ከሽቦ መራቅ ይገባል።

የማን ሥራ ነው?

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ቤት ለቤት የሚሄድ ባለሙያ ሰጥቶናል፤ የመጀመሪያ ዕርዳታም ከትምህርቶቹ አንዱ ነው። ባለሙያዋ ስትመጣ ስለ ክትባት ብቻ ሳይሆን የሰብል መድኃኒቱ የት እንደተቀመጠ፣ ምድጃው ሌሊት የት እንደሚያድር ትጠይቅ፣ ትመልከትም። አከራይ ለሽቦው፣ አባወራና እማወራ ለእሳቱና ለመርዙ ኃላፊ ናቸው።

ከሁሉም በላይ ተስፋ የማደርገው በእድር ነው። እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ተክሎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ ያጽናናል፤ አባላቱንና ቤታቸውን ከማንም በላይ ያውቃል። ክረምት ከመግባቱ በፊት አንድ ስብሰባውን ለዚህ ጉዳይ ይስጥ፤ በየቀጠናው ሁለት ሁለት ሰው መርጦ ምድጃውን፣ ሽቦውን፣ ጉድጓዱንና የመድኃኒት ማስቀመጫውን ያስፈትሽ። የጉድጓድ ክዳን መግዛት የማይችል አባል ከእድሩ ሣጥን ጥቂት ይደጎም። ለቀብር ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ አስቀድሞ ለጉድጓድ ክዳንና ለወፍራም ሽቦ ቢውል፣ እድሩ አባሉን በሕይወት እያለ ረዳው ማለት ነው።