ሽልማትና ቅጣት በተከለለ ተራራ ጥበቃ

ውቅሮ አጠገብ ያለው የአብርሃ ወአጽብሃ ማኅበረሰብ የተራቆተ መሬቱን በማገገም ሥራው በ2012 እ.ኤ.አ. የኢኳተር ሽልማትን አግኝቷል። በመቀሌ ዙሪያም ብዙ ተራሮች ከከብት ተከልለዋል። ይሁን እንጂ ክለላን የሚያጸናው አጥር ሳይሆን የሰው ልማድ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ስኪነር እንዳስረዳው፣ የአንድ ድርጊት መደጋገም ወይም መቅረት የሚወሰነው ድርጊቱ በሚያስከትለው ውጤት ነው።

1. ማጠናከሪያ፦ ድርጊትን የሚያበዛ ውጤት ነው። ከብቱን አስሮ የሚቀልብ ገበሬ ከተከለለው መሬት ሣር አጭዶ ቢወስድ ጥቅም ይጨመርለታል፤ ከእረኝነት ድካም ቢገላገል ደግሞ ችግር ይቀነስለታል። ሁለቱም ማሰሩን ያጠናክራሉ።

2. ቅጣት፦ ድርጊትን የሚቀንስ ውጤት ነው። በስብሰባ ፊት መወቀስ የሚጨመር ቅጣት፣ የገንዘብ መቀጮ ደግሞ ንብረት የሚቀንስ ቅጣት ነው። መቀጮው ከብት ማስገባትን ካላስቀረ ግን ስሙ እንጂ ሥራው ቅጣት አይደለም።

ቅጣት ብቻውን ምን መሠራት እንዳለበት አያስተምርም። ዘበኛው ዞር ሲል የገባ ከብት ጠግቦ ስለሚወጣ፣ ባለቤቱ በስውር ማስገባትን ይለምዳል።

ስለዚህ የልማት ሠራተኞችና ማኅበራት የሚከተሉትን ልብ ይበሉ፦

ሀ. ደንቡን አባላት ራሳቸው ያውጡ።
ለ. የሣር ድርሻ ከብታቸውን ላሰሩ ሳይዘገይ ይሰጥ።
ሐ. መቀጮው አስቀድሞ የታወቀ፣ ለዘመድም ለባዕድም እኩል ይሁን።